ከመሐላ በኋላ ያልተፈተሹት መዝጊያዎች

ባለፈው በጋ ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም ስመለስ ኬላ ላይ ከሚኒባስ አወረዱኝ። አንዱ ወጣት ከረጢቴን ተቀብሎ አስፋልቱ ዳር ዘረገፈው። የመወልወያ ዘንግ፣ የነሐስ ብሩሽ፣ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት፣ ትንሽ የመዳብ መዶሻ፣ እፍኝ የማይሞላ የንብ ሰም፣ የአቡጀዲ ቁራጭ።

«ይሄ ምንድን ነው እማማ?»

«ሰም ነው ልጄ።»

«ሰሙንስ አየሁት። ረጅሙ ዘንግ?»

«ጠመንጃ የምወለውልበት ነው።»

ከጓደኛው ጋር ተያዩ። «የማንን ጠመንጃ?»

«ያመጣልኝን ሁሉ።»

ጥፋቴ ይህን ማለቴ ነው። ለሁሉ የሚሠራ ሰው በዚህ ዘመን የማን እንደሆነ አይታወቅም። ፀሐይ ላይ አስቀምጠውኝ ብዙ ከቆዩ በኋላ አንድ ጎልማሳ መጥቶ ፊቴን አየና «ይችማ የአባቴን ምንሽር ስትጠግን የኖረች ትርንጎ ናት» አላቸው። ለቀቁኝ። ዘንጌን ግን አልመለሱልኝም።

ጡረታ የሚቆርጥልኝ መሥሪያ ቤት ስለሌለኝ በዚያው ቀን ራሴን በራሴ ጡረታ አወጣሁ። ነገሩ ፍርሃት ብቻም አይደለም። እጄ ይንቀጠቀጣል። ጠመንጃውም ተለውጧል። እኔ የማውቀው የአዳኙንና የሰብል ጠባቂውን ጠመንጃ ነው፤ አንድ ተኩሶ፣ መዝጊያውን ስቦ፣ የተተኮሰውን ባዶ ቀለህ አውጥቶ፣ ሌላ የሚያጎርሰውን። መዝጊያ የምንለው ከኋላ ገብቶ ጥይቱን ከሚተኛበት ጎድጓዳ ውስጥ የሚቆልፈውን ብረት ነው። ዛሬ በየትከሻው የማየውን አላውቀውም፤ አውቃለሁ ብዬም አልዋሽም።

ትምህርት ቤት ደጃፉን አልረገጥኩም። የተወለድኩት ከቡሬ ወጣ ብሎ ካለ የቀጥቃጭ ቤት ነው። ማጭዱ እስኪሳልለት ተቀምጦ የሚጠብቅ አንድ የኔታ ነበር፤ እኔ ወናፍ ስነፋ እሱ አመዱ ላይ ፊደል ይጽፍልኝ ነበር። ፊደልን እንዲህ ለቀምኳት። ቁጥርን ግን ያስተማረኝ የጠመንጃ ብረት ነው።

ሙያውን ያገኘሁት ከባሌ አባት ከአያ ልየው ነው። ባሌ ቶሎ ሞተብኝ። አያ ልየው ዓይናቸውን የምድጃው እሳት ፈጅቶት ነበር፤ እኔ ዓይናቸው ሆንኩ። እሳቸው በትሬን ይዘው ከኋላ፣ እኔ ከረጢቱን አዝዬ ከፊት፣ ከቡሬ ፍኖተ ሰላም፣ ከፍኖተ ሰላም ቋሪት ገበዝ ማርያም፣ አንዳንዴም እስከ ዱርቤቴ ገበያ እንዘልቅ ነበር። ሰው ቀን ቀን ጠመንጃውን ያስጠግነናል፤ ሲመሽ ግን ማደሪያ ስንጠይቅ በሩን በስሱ ይከፍታል። የቀጥቃጭ ዓይን ይፈራል። ልጆቻቸውን ከእኔ ዓይን ሲሸሽጉ እያየሁ ስንቱን ደጅ አልፌያለሁ። ለምዶብኝ ነበር፤ ሕፃን ሳይ አንገቴን ደፍቼ እቀመጣለሁ።

አያ ልየው ጠመንጃ ከሰው እጅ አይቀበሉም። «መሬት አስተኛው፤ አፈሙዙን ወደ ካቡ አዙረው፤ መዝጊያውን ክፈተውና ራቅ በል» ይላሉ። ባለቤቱ «ባዶ ነው አያ» ይላል። እሳቸው ወደ ሚስቱ ይዞራሉ። «ባዶ ነው እንዴ እመቤት?» ሚስትየው ፈገግ ትላለች፤ ባልዋ ስንት ጥይት እንዳለው ከእሱ ይልቅ እሷ ታውቃለች። ከዚያ በኋላም ቢሆን ትንሿን ጣታቸውን ወደ ጎድጓዳው አግብተው ይዳብሳሉ። እኔ በዓይኔ አያለሁ፤ እሳቸው በጣት ያያሉ። እኔ አይቼ «ባዶ ነው» ያልኳቸውንም ይዳብሱታል። መጀመሪያ ላይ ይከፋኝ ነበር።

«አያ፣ እኔንም አያምኑኝ?»

«አንችንማ አምናለሁ። ጠመንጃውን ነው የማላምነው።»

ሌላም ልማድ ነበራቸው። መዝጊያው ጠመንጃው ውስጥ እስካለ ድረስ አይናገሩም። ሰላምታ እንኳ ቢሰጣቸው እጃቸውን ብቻ ያነሣሉ። መዝጊያው ወጥቶ ጨርቅ ላይ ሲተኛ ነው ወሬ የሚጀምሩት፤ ያን ጊዜ ደግሞ የሚያቆማቸው የለም። አወላወላቸውም የራሳቸው ነው። ዘንጉን በአፈሙዝ በኩል አያስገቡም፤ ከኋላ፣ ጥይቱ ከሚገባበት ነው የሚያስገቡት፤ የአፈሙዙ ከንፈር በዘንግ ከተበላ ጥይቱ እንዳሻው ይሄዳል። ድሮ የነበረው ጥይት ብረት የሚበላ ጨው ስለሚተው አስቀድመው የፈላ ውኃ ያንቆረቁሩበታል፤ ያደርቁታል፤ በመጨረሻም ዘይት በጨርቅ ጠብ አድርገው ያሳልፋሉ። ዘይት ያበዛን ሰው ይቆጣሉ። «ቅባት ለፀጉር ነው» ይሉ ነበር።

በክረምት ተርብ አፈሙዝ ውስጥ በጭቃ ቤት ትሠራለች። ይህን የማያውቅ ስንት ገበሬ አለ። ጠመንጃው ግድግዳ ላይ ከርሞ መስከረም ላይ ለከርከሮ ሲነሣ፣ ያች ጭቃ ሲተኮስ የብረቱን ሆድ ታሳብጠዋለች። ስለዚህ ሳይተኮስ የከረመን ጠመንጃ መዝጊያውን አውጥቼ፣ ከኋላ ሆኜ ብርሃን ሳላይበት አልመልስም።

ማነጣጠሪያ ማስተካከልም የሚያጨቃጭቅ ሥራ ነው። ጥይቱ ወደ ቀኝ ከሄደ የፊተኛዋን ጥርስ ወደዚያው ወደ ቀኝ መግፋት ነው። ሰው አያምንም። «ወደ ግራ እንጅ፤ ልታበላሽብኝ ነው» ይላል። በመዳብ መዶሻ ጠቅ አድርጌ አሳየዋለሁ። አምኖ ይሄዳል፤ ሲሄድም ወደ ኋላ እየዞረ ያየኛል።

አያ ልየው ካረፉ በኋላ ብቻዬን ዞርኩ። ጥቂት ዓመት ደግሞ ቡሬ አጠገብ ካለ የበቆሎ እርሻ የጥበቃዎችን ጠመንጃ እንድወለውል ተቀጠርኩ። ደመወዙ ትንሽ፣ ወረቀቱ ብዙ ነበር። የመጋዘን ሹሙ ደግ ሰው ነው፤ ነገር ግን ሳይወለወል «ተወልውሏል» ብሎ መፈረም ይወድ ነበር። አንድ ቀን ሹሙ አጠገቤ ቆሞ ሳለ ጥበቃው ጠመንጃውን አምጥቶ «ባዶ ነው እትዬ፤ ሹሙም ፈርሞበታል» አለኝ። መዝጊያውን ስስበው ጥይት ዘሎ ሹሙ እግር ሥር ወደቀ። ሹሙ ጎንበስ ብሎ አየውና «እንግዲህ ወረቀቱ ላይ ባዶ ነው የሚለው» አለ። ሳቅኩ። ዳግመኛ ግን ፊርማ አይቼ ጠመንጃ ነክቼ አላውቅም።

ይህን ሁሉ የምናገረው ተጠራጣሪ ሆኜ መኖሬን ለማሳወቅ ነው። እንዲህ ሆኜ ሳለ ነው ያን ቀን ያልተጠራጠርኩት።

ነገሩ የሆነው ከብዙ ዓመት በፊት ነው። ቋሪት ውስጥ የባየ ቤተ ዘመድና የአዳነ ቤተ ዘመድ ደም ተቃብተው ኖረው፣ ሽማግሌ ገባ። የእርቁ ቀን የተቆረጠው ፍልሰታ እንደተፈታ ነበር። በዚያ አገር ባላንጣው ፊት ጠመንጃህን ቤት አስቀምጠህ ና ቢሉት እሽ የሚል ወንድ የለም። ስለዚህ ጠመንጃው ትከሻው ላይ ይሆናል፤ መዝጊያው ብቻ ወጥቶ ለሽማግሌ ይሰጣል። መዝጊያ የሌለው ጠመንጃ ዱላ ነው። መዝጊያዎቹን የምሰበስበው እኔ ነበርኩ። ከሁለቱም ወገን አይደለሁም፤ ማንም ከቀጥቃጭ አይጋባምና ዘመድ የለኝም። በሌላ ጊዜ ከሰው የሚያርቀኝ ነገር በዚያ ቀን አስመረጠኝ።

ዘጠኝ መዝጊያ ሰበሰብኩ። በእያንዳንዱ ላይ ክር አስሬ፣ ክሩን በየዓይነቱ ለይቼ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ጆንያ ዘርግቼ ደረደርኳቸው። የሽማግሌዎቹ ወሬ ረዘመ። እጄ ሥራ ፈት ሆኖ መቀመጥ አይወድም፤ መዝጊያዎቹም በክረምቱ ዝገው ነበር። ደግነት መስሎኝ ክሩን እየፈታሁ አንድ በአንድ መወልወል ጀመርኩ። መልሼ በየተራቸው ነበር የማስቀምጣቸው፤ ክሩን ግን መልሼ አላሰርኩትም ነበር። ዝናቡ ወረደ። ሁሉም ወደ ደጀ ሰላሙ ሮጠ። እኔም ጆንያውን በአራቱ ጫፍ ጨብጬ አፋፍሼ ሮጥኩ።

ቁጥር አለ። በየጠመንጃው አንገት ላይ የተቀረጸው ቁጥር በመዝጊያውም ላይ አለ፤ ሁለቱ አንድ መሆን አለባቸው። አንድ ባንድ አስተያይቼ ልመልስ ቁጭ ስል መሐላው አልቋል፤ ሰዎቹ መስቀል ስመዋል፤ እየተቃቀፉ ያለቅሳሉ። የእርቁ አባት ቄስ አለሙ አጠገቤ ቆሙ።

«ስጫቸው እንጅ ትርንጎ።»

«ቁጥሩን ላይ አባ። ትንሽ ይታገሡኝ።»

«ልጄ፣ ከመሐላ በኋላ የሰውን ጠመንጃ ፊቱ ላይ መፈተሽ እርቁን መጠራጠር ነው። ነውር ነው። ስጫቸው።»

እውነት ነው፤ በዚያ አገር ነውር ነው። ሰባቱ መልካቸው የተለያየ ስለነበር በዓይኔ አወቅኳቸው። የባየና የአዳነ ግን ሁለቱም አጭር ምንሽር ነበሩ፤ እንደ መንታ ናቸው። አንዱን ለአንዱ፣ ሌላውን ለሌላው አገባሁ። ሁለቱም ተዘጉ። ባዶ ጠመንጃ ላይ ሁሉም መዝጊያ ይዘጋል። እንደ ልማዴ የኋላውን ስንጥቅ ውኃ እንዳይገባበት በሰም ደፈንኩና ሰጠኋቸው። ባየ እጄን ስሞኝ ሄደ።

መስከረም አጋማሽ ላይ ፍኖተ ሰላም ገበያ ተቀምጬ ሳለሁ ወሬው ደረሰኝ። ባየ በቆሎው ውስጥ የገባ ከርከሮ ላይ ተኩሶ፣ ጥይቱ ወደ ኋላ ፈንድቶ ቀኝ ዓይኑን አጥፍቶታል። ወንድሙ ስሜነህ መዝጊያውን አይቶ ቁጥሩ የእነሱ አለመሆኑን አውቋል። የአዳነ ወገኖች መዝጊያ ለውጠው ሊገድሉን ነበር ብሏል። ጥይት እየተሰበሰበ ነው።

እኔም የጠረጠርኩት አዳነን ነው። እውነቱን ለመናገር ጠርጥሬው ደስ አለኝ፤ ከእኔ ይራቅ እንጅ። በእግሬ ገስግሼ በማግስቱ አዳነ ቤት ደረስኩ። ጠመንጃህን ልወልውልልህ አልኩት።

ከላይ እስከ ታች አየኝ። «ማን ላከሽ?»

«ማንም አልላከኝ።»

«የባየ ወንድም ልኮሽ ነው። እያት፤ ከግድግዳው አልወረደችም። ታርቄ ገብቼ እስከ መስቀል አልነካትም ብዬ ተስያለሁ።»

አወረድኳት። የደፈንኩት ሰም እንዳለ ነው። የአውራ ጣቴ አሻራ ሳይቀር አለበት። ሰሙን ፍቄ ቁጥሩን አየሁ፤ የባየ መዝጊያ ነበር። ከእኔ እጅ ወዲህ ማንም አልከፈተውም።

ጠመንጃዋን መሬት አስተኝቼ ቁጭ አልኩ። ሌላውን ሁሉ ስጠረጥር ኖሬ ከጥርጣሬው አንድ ቀን እንኳ ለራሴ አላስቀረሁም። አዳነ ፊቴን አይቶ ነገሩ ገባው።

«አንች ነሽ እንዴ?»

«እኔ ነኝ።»

«ይህን በባየ ወገኖች ፊት ብትናገሪ ምን እንደሚሉሽ ታውቂያለሽ?» አለኝ። አውቃለሁ። የቀጥቃጭ ሴት የሰው ዓይን አጠፋች፤ ሌላ ምን ሊሉ ይችላሉ። ከዚያ በኋላ በየትኛው ደጅ ቁሜ ጠመንጃ ልጠግን? ዝም ካልኩ ደግሞ ከሁለቱ ቤት ስንት ሬሳ እንደሚወጣ አላውቅም። ማንም አይቶ አልያዘኝም፤ ሰሙንም እኔው ፍቄዋለሁ። ዝም ብዬ ልሄድ እችል ነበር። የአዳነ ሚስት በሩ ላይ ሕፃን ታቅፋ ቁማ ነበር፤ እንደሌሎቹ አልሸሸገችውም፤ መሸሸጉን ረስታው ይሆናል። ቄስ አለሙን አስጠሩልኝ አልኳቸው።

ቄስ አለሙ ሁለቱንም ወገን ደጀ ሰላሙ ውስጥ ሰበሰቡ። ባየ ፊቱን በነጠላ ጠቅልሎ ተቀመጠ። ተነሥቼ ተናገርኩ። ሳልጨርስ ስሜነህ ከተቀመጠበት ተነሣ።

«አዳነ ስንት ከፈለሽ?»

«አልከፈለኝም።»

«እንግዲያ ዓይኑን የበላሽው አንች ነሽ። ድሮም ዘራችሁ ነው።»

አንዳንዶቹ ወደ ኋላ ሸሹ። ቄስ አለሙ «ስሜነህ፣ ደጀ ሰላም ነው» አሉ። እኔ ክርክር አልቻልኩም፤ የማውቀው ሥራዬን ብቻ ነው። የባየን ጠመንጃ አስመጡልኝ አልኩ። ሰደፉ ተሰንጥቋል። ጥይት በአጠገባችን እንደሌለ አስፈትሼ፣ ባዶ ቀለህ አንሥቼ ከቂጡ ላይ ሰም ለጠፍኩበትና ወደ ጎድጓዳው አስገባሁት። በላዩ በነበረው በአዳነ መዝጊያ ቀስ ብዬ ዘጋሁ፤ ከፈትኩ። ሰሙ እንደ ጥሬ ባቄላ ወፍሮ ወጣ። ያ ውፍረት በመዝጊያውና በጥይቱ መካከል የቀረው ክፍተት ነው። ጥይቱ ከኋላው የሚደገፍበት ሲያጣ ቀለሁ ይቀደዳል፤ እሳቱም ወደ ተኳሹ ይመለሳል። ቀጥዬ ከአዳነ ጠመንጃ አውጥቼ ባመጣሁት በባየ በራሱ መዝጊያ ዘጋሁ። ሰሙ እንደ ቅጠል ሳስቶ ወጣ።

ሁለቱን ሰም ለባየ ሰጠሁት። በጣቱ ዳበሰ፤ ለአጠገቡ ሰው አሳለፈ። ሰሙ ከወገን ወደ ወገን ዞረ። ስሜነህ ግን አልነካም።

«መለወጡንማ አየን» አለ። «ማን እንደለወጠ ሰም አይናገርም።»

ባየ ነጠላውን ከአፉ ላይ ዝቅ አደረገ። «ትርንጎ፣ ቁጥር ሳታይ ጠመንጃ መልሰሽልኝ አታውቂም። ያን ቀን ለምን አላየሽም?»

ወደ ቄስ አለሙ ሳልዞር «ታርቃችኋል ብዬ ነዋ» አልኩት።

ቄስ አለሙ ተነሥተው «አላይም ያለችው እሷ አይደለችም። እኔ ነኝ የከለከልኳት» አሉ። ይህን ይላሉ ብዬ አልጠበቅኩም። ጥምጣማቸውን አውልቀው ባየ እግር ሥር ሊወድቁ ሲሉ ባየ ክንዳቸውን ያዘ። «ይበቃል አባ» አለ። ደም አልፈሰሰም። ስሜነህ ግን ሳይሰናበት ወጣ።

ካሳ ልክፈል ብል ባየ አልፈልግም አለ። በሚያዝያ አዳነ ሁለት በሬዎቹን ከነቀንበሩ ይዞ የባየን ማሳ አረሰለት። ለምን ብለው ቢጠይቁት «ጥፋቱ የእሷ ነው፤ ብረቱ ግን የእኔ ነበር» አለ። ስሜነህ ይህንንም ጠረጠረ። ጥፋት ባይኖርበት በሬውን ባልሰጠ ነበር ይል ነበር አሉ።

ለእኔ በአራት አምስት ቀበሌ በሩን የሚከፍትልኝ ጠፋ። ወደ ዱርቤቴ ገፋሁ፤ እዚያም ወሬው ቀድሞኝ ደረሰ። ቀስ በቀስ ግን ሰብል አለ፤ ከርከሮ አለ፤ ጠመንጃ ይበላሻል። እንደገና በጠሩኝ እርቆች ላይ ከመሐላ በኋላም ቁጥር አያለሁ። ሽማግሌ «ተይው፤ ታርቀዋል» ሲለኝ «እነሱ ታርቀዋል አባ፤ ብረቶቹ አልተጠየቁም» እላለሁ። የሚቆጣ ይቆጣል።

ኬላው ላይ ዘንጌን ከተቀማሁ በኋላ ፍኖተ ሰላም ቤቴ በር ላይ ተቀምጬ ሳለሁ አንድ ሽበታም ሰው መጣ። ሰላም አላለኝም። ስሜነህ ነበር። የራሱን ምንሽር መሬት ላይ አስተኝቶ፣ መዝጊያውን አውጥቶ ራቅ አለ።

«ከሰው ነው የገዛሁት። ይሄ መዝጊያ የራሱ የጠመንጃው ነው አይደለም፣ ንገሪኝ።»

«ሥራ ትቻለሁ ስሜነህ።»

«ዓይንሽን ነው የምፈልገው፤ ሥራሽን አይደለም።»

መዝጊያውን ወደ ብርሃኑ አዞርኩት። የጠመንጃውን አንገትም አየሁ። ቁጥሩን አንድ በአንድ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። «የእሱ ነው» አልኩ።

ስሜነህ ተንበርክኮ፣ መነጽሩን ከኪሱ አውጥቶ፣ በጣቱ እየተከተለ ራሱ አነበበው። አንገቱ ላይ ያለውን ጨርሶ ወደ መዝጊያው ዞረ፤ ከዚያም ተመልሶ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። አሁንም አላመነኝም። እስኪጨርስ ድረስ መዝጊያውን ፀሐይ እንዲያርፍበት አድርጌ ያዝኩለት።